ያንግ ሊፒንግና የጣዎስ ውዝዋዜ፦ ለጎጃም የባህል ቡድን ምን ይወሰዳል?

ጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። 14 ሰው ያለው የወረዳ የባህል ቡድን፣ 8 ሴት 6 ወንድ፣ ለጥር በዓላት የ12 ደቂቃ የመድረክ ሥራ ያዘጋጃል። የለመድነው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ መሲንቆው ይቀድማል፣ ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ፣ እስክስታ ይወርዳል፣ ሽለላና ፉከራ ይከተላል፣ በጭብጨባ ይወጣሉ። ሕዝቡ አይጠላውም፣ ግን ከመድረክ መድረክ ልዩነቱ ጠፍቷል። የሚፈለገው ከዚህ የወጣ፣ ከጎጃም ግን ያልወጣ ሥራ ነው።

ለዚህ ስንል የቻይናዋን ተወዛዋዥና አቀናባሪ ያንግ ሊፒንግን ቪዲዮዎች እያየን ነው። ሥራዋን በቅርብ የምታውቁ ሦስት ነገር አስረዱን። እዚያ የደረሰችው በምን ቅደም ተከተል ነው? ያ የክንድና የጣት እንቅስቃሴ በምን ይሠለጥናል? የእኛ ልጆች ሲሞክሩት ትከሻቸው ይቀድምና ክንዱ እንደ ዱላ ደርቆ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ገበሬዎችን ከነውዝዋዜያቸው መድረክ ላይ ስታወጣ ምኑን ነካች፣ ምኑን ተወች? የቀሚሱን ልኬት የሚያውቅ ካለም ይጨምርበት።


የዳሞት ልጅ (ፍኖተ ሰላም)፦

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሣ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዢልኝ።

ያንግ ሊፒንግ በ1958 ዩናን ውስጥ ዳሊ ተወለደች። ብሔረሰቧ ባይ ነው። ይህን አትለፊው፤ ስም ያወጣላት የጣዎስ ውዝዋዜ የባዮች አይደለምና። የዳዮች ነው፤ ዳዮች ወደ በርማና ላኦስ ጠረፍ፣ በቆላው የሚኖሩ ሌላ ሕዝብ ናቸው። እሷ በ1971፣ ገና ልጅ ሳለች፣ በዳዮች ራስ ገዝ አስተዳደር በሺሽዋንግባና የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን ተቀጠረች። የውዝዋዜ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ የተማረችው በዚያ ቡድን ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ የነበሩትን የኪነት ቡድኖች የሚያስታውስ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቤጂንግ ወዳለው ማዕከላዊ የብሔረሰቦች የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን ተዛወረች። እዚያ የዕለቱ ማሟሟቂያ በባሌት ላይ የቆመ ነበር። እሷ ግን ያንን ትታ የራሷን ልምምድ ያዘች፤ አብዛኛውም የክንድ፣ የአንጓና የጣት ነበር። በ1986 ራሷ አቀናብራ ብቻዋን የተወዛወዘችውን «የጣዎስ መንፈስ» ይዛ በሁለተኛው አገር አቀፍ የውዝዋዜ ውድድር አንደኛ ወጣች። ከተቀጠረችበት እስከዚያ 15 ዓመት ነው። አንዳንድ ሰው ቪዲዮውን አይቶ በሁለት ወር ልድረስበት ይላል፤ አይደረስበትም።

የቀደመውን ካላወቅሽ ግን ምን እንዳደረገች አይገባሽም። የጥንቱ የዳዮች ጣዎስ የወንድ ጨዋታ ነበር። ተወዛዋዡ ጭምብል ያጠልቃል፣ ሾጣጣ ዘውድ ይደፋል፣ ክንፍና ጭራ የተሰካበት የቀርከሃ ማዕቀፍ በወገቡ ይታጠቃል። በ1950ዎቹ ውዝዋዜው ወደ መድረክ ሲወጣ ማዕቀፉና ጭምብሉ እየቀረ መጣ። በዚህ ስሙ የሚነሣው የሩይሊው ዳይ ማው ሺያንግ ነው፤ በ1957 በሞስኮው የዓለም ወጣቶች ፌስቲቫል ከባይ ዌንፌን ጋር ባቀረበው የጥንድ ጣዎስ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። በዚያው ፌስቲቫል በጂን ሚንግ የተቀናበረው የሴቶች የቡድን ጣዎስ ወርቅ አገኘ። ያንግ ሊፒንግ ከዚህም ቀነሰች። ቡድኑን አስወጣች፣ ታሪኩን አስወጣች፣ አንዲት ሴትና አንድ ነጭ ሰፊ ቀሚስ ቀሩ። ወፉ ያለው እጇ ላይ ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ እሷ ከፍ ያለችው በመቀነስ ነው። የእኛ መድረክ ችግር ደግሞ በ12 ደቂቃ ውስጥ እስክስታውንም፣ ፉከራውንም፣ የሰርጉንም፣ የደቦውንም መጨመሩ ነው።

ስለ ገበሬዎቹ። «ዳይናሚክ ዩናን» የሚባለው ሥራዋ በ2003፣ በሳርስ ወረርሽኝ ዓመት፣ ኩንሚንግ ላይ ተከፈተ። ከተሳታፊዎቹ 70 በመቶ ያህሉ ከየመንደሩ የመጡ የአናሳ ብሔረሰብ ሰዎች እንጂ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አልነበሩም። እርምጃቸውን በአመዛኙ እንዳለ ተወችው። የሠራችው በቅደም ተከተሉ፣ በአገባቡና በአወጣጡ፣ በብርሃኑና በርዝመቱ ላይ ነው። የራሷን ጣዎስ መጨረሻ ላይ ብቻ አስገባችው።

በእኛ አገር ይህን ለመሥራት መጀመሪያ ጨዋታውን በቦታው ሙሉውን ቅጂው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አታቋርጪ። ከዚያ የሚደጋገመውን ለዪና አንዱን ያዢ። ትልቁ ችግር የሚመጣው ከክብ ነው። ገበሬው የሚጫወተው ክብ ሠርቶ፣ ፊቱን ወደ ጓደኛው አዙሮ ነው፤ መድረክ ላይ በአንድ መስመር ስትደረድሪው ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣና ትከሻው ይሞታል። ክቡን አታፍርሺው፤ በተመልካች በኩል ሲሶውን ክፈቺው፣ አውራጁን ከተከፈተው አፍ በስተግራ አቁሚው። ልምምዱን በሰኔና በሐምሌ እርሻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ አትያዢው፤ ሰው ይቀራል፣ የቀረውም ደክሞት ይመጣል። ለጥር ከሆነ መስከረምና ጥቅምት ላይ አጠናቅቂው፣ ከገና በኋላ ክለሳ ብቻ ይሁን። አበሉንም ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አድርጉት፤ በነጻ የተጠራ ገበሬ ሁለተኛ ሲጠራ አይመጣም፣ አይፈረድበትምም።

ከ2012 ወዲህ ያሉት፣ «ጣዎስ»፣ በ2015 የወጣው ከጣሪያው በሺዎች የሚቆጠር መቀስ የተንጠለጠለበት ሥራ፣ በ2018 የመጣው «የጸደይ ሥርዓት»፣ ትልቅ ገንዘብና ትልቅ መድረክ የሚጠይቁ ናቸው። ለመደሰት እዩአቸው፣ ለሥራችሁ ግን ወደ 1986ቱና ወደ 2003ቱ ተመለሱ።


ጣት ቆጣሪ (ቢቸና)፦

ወደ ክንዱ ልምጣ። ትከሻ ይቀድማል ያልሽው የሚጠበቅ ነው፤ እስክስታ ያደገበት ልጅ ዜማ ሲሰማ መጀመሪያ የሚነሣው ትከሻው ነው። በጣዎስ ውዝዋዜ ትከሻ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይመታም። ሁለቱን ለመለየት ልጆቹን ግድግዳ አስደግፊ። የትከሻቸው አጥንት፣ በጀርባ በኩል ያለው ሰፊው፣ ከግድግዳው አይላቀቅ። ክንድ ሲነሣ ክርን ይቀድማል፣ አንጓ ይከተላል፣ እጁ እንደሞተ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ በመጨረሻ ጣቶች ይነሣሉ። ሲወርድም ክርን ቀድሞ ይሰምጣል፣ ከዚያ አንጓ፣ ጣት ኋላ ይቀራል። መውጣቱ በ8 ምት፣ መውረዱ በ8 ምት፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 60። እሱ ሲጠራ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 2 ውረዱ። ችኩል አሠልጣኝ በሁለተኛው ቀን ወደ 2 ያወርደዋል፤ ያኔ ልጆቹ ማዕበሉን ትተው ክንዳቸውን ማራገፍ ይጀምራሉ፣ ያ ልማድ ከገባ ማስለቀቁ ሌላ ወር ይፈጃል።

የእጁ ቅርጽ እንዲህ ነው፦ የአመልካች ጣት ጫፍ ከአውራ ጣት ጫፍ ጋር ይገጥማል፣ ያ መንቆሩ ነው። ሦስቱ ጣቶች ተበትነው ወደ ላይና ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፣ ትንሿ ጣት ከሁሉም ትርቃለች። ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ተጣብቀው መቅረታቸው ነው፤ ሁለቱ በጅማት ስለሚጎታተቱ ለብቻ ለብቻ ካልተለማመዱ አይላቀቁም። መዳፉን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ አንድ አንድ ጣት 10 ጊዜ ማንሣት፣ በሁለቱም እጅ። ከዚያ በሌላው እጅ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋትና 10 ሰከንድ መያዝ፣ ሦስት ጊዜ። የማርቆስ ጠዋት ብርድ ነውና እጅ በሙቅ ውኃ ሳይሞቅ አይለጠጥ። ጣት ከደነዘዘ ወይም መርፌ መርፌ ካለ የዚያን ቀን ይቁም። የያንግ ሊፒንግ ረጅም ጥፍሮች የታወቁ ናቸው፤ ለልምምድ ግን ጥፍር ይቆረጥ፣ መንቆሩን ሲገጥሙ ያንሸራትታልና።

አካሉ ሦስት ቦታ ይታጠፋል፤ ዳሌ ወደ አንድ ጎን ይወጣል፣ ደረት ወደ ተቃራኒው፣ ራስ ደግሞ ወደ ዳሌው ጎን ይመለሳል። ክንዱም በትከሻ፣ በክርንና በአንጓ ይታጠፋል። ልጆቹ የሚሳሳቱት ወገብን ብቻ በማጠፍ ነው፤ ያኔ የታመመ ሰው አቋም ይሆናል። ጉልበቱ ሌላ ነው፦ ከባዱ ምት ወደ ታች ነው። ጉልበት በምቱ ይሰምጣል፣ ከዚያ በዝግታ ይነሣል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘረጋም። እግር ወደ ኋላ ሲነሣ ቶሎ ይነሣል፣ ሲመለስ ቀስ ብሎ ያርፋል። በጭክጭካ ምት ልትሠሩት ከሆነ ከስድስቱ ምት በ1 ስመጡ፣ ከ2 እስከ 6 ተነሡ። በ1ም በ4ም ከሰመጣችሁ ዝላይ ይሆንና የላይኛው አካል ይናወጣል።

ቪዲዮ ስታዩ ግራና ቀኙ እንዳይምታታባችሁ፤ ያስተማረው ሰው ፊቱን ወደ ካሜራው ካዞረ የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ፤ ዜማው ጣቱን እንዳታዩ ይሸፍናል።


ከበሮ ቤት (ቡሬ)፦

ከላይ የተባለውን አልነቅፍም፣ ግን አቅጣጫው ላይ አልስማማም። የጎጃም ሀብቱ ትከሻ ነው፤ ልጆቹን ትከሻቸውን አስራችሁ ጣት ስታስተምሩ ያላችሁን ጥላችሁ የሌላችሁን ትለቅማላችሁ። ከቻይና መማር ካስፈለገ ወደ ሞንጎሎቹ ሂዱ።

እዚያ የምትፈልጉት ሰው ጂያ ዙዎጉዋንግ ነው፤ ተወዛዋዥም፣ አቀናባሪም፣ መምህርም ነበር። በ1923 ሸንያንግ ተወለደ፣ በ2017 ቤጂንግ አረፈ። ማንቹ ነው፣ ሞንጎል አይደለም። በወጣትነቱ ዘመናዊ ውዝዋዜን ከጃፓናዊው ባኩ ኢሺይ ተማረ፤ በ1947፣ ከአንድ ዓመት በፊት የተመሠረተውን የውስጥ ሞንጎሊያ የኪነት ቡድን ተቀላቀለ፣ በእረኞቹ መካከልም ኖረ። «ኦርዶስ» የተባለው ሥራው በ1955 በዋርሶው የወጣቶች ፌስቲቫል ተሸልሟል። በኋላ በቤጂንግ የውዝዋዜ አካዳሚ ከአመራሮቹ አንዱ ሆነ። ያንግ ሊፒንግ ባይ ሆና የዳይን፣ እሱ ማንቹ ሆኖ የሞንጎልን፤ ሁለቱም ከውጭ ገብተው በቦታው ኖረው ያገኙት ነው። ለአዊ ጨዋታ ከማርቆስ ሰው ሲላክ ቢያንስ አንድ በዓል ሙሉ እንጅባራ ይክረም የምለው ለዚህ ነው፤ በስልክ በተቀዳ ቪዲዮ አይሆንም።

የሞንጎል ትከሻ በየስሙ ተለይቶ ይሠለጥናል። ደረቅ ትከሻ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሄዶ በድንገት ይቆማል። ለስላሳው ያንኑ መንገድ ሳይቆም፣ ውኃ ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ እየከበደው ይሄዳል። የሚነሣና የሚወርድ አለ። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ «የሳቅ ትከሻ» አለ። የሚሽከረከር አለ። ጥቃቅኑ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጠው ነው፤ ለእኛ ቅርብ ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ላይ ነው። እኛ ጋ ልጆች እስክስታን በጅምላ ይወርዳሉ፤ አንገት፣ ደረት፣ ትከሻ አብሮ ይነሣል። ደረቁን ከለስላሳው አስለዪአቸው፤ 8 ምት ለስላሳ፣ 8 ምት ደረቅ፣ 8 ምት ዝም፣ ከዚያ 8 ምት ጥቃቅን። ዝም የሚለውን አትዝለሉት፤ ተመልካች ትከሻውን የሚያየው ከዝምታው በኋላ ነው። በጥቃቅኑ ጊዜ ክርን ከጎን አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፣ አንጓ ይላላ። ክርን ከተጣበቀ ንዝረቱ ወደ አንገት ይወጣና በማግስቱ አንገት ይይዛል።

ራስ እንዳይናወጥ ጥሩ መሣሪያ አላቸው። በ1962 ሄልሲንኪ ላይ በተደረገው የወጣቶች ፌስቲቫል ሞንጎላዊቷ ሞዴግማ በሲኒና በሳህን ውዝዋዜ ወርቅ ወስዳለች፤ ሳህኑ ራስ ላይ ይደረደራል፣ በየእጁ ሁለት ሁለት ትናንሽ ሲኒ ይጋጫል። እሷም በኋላ ሥልጠናውን በአካል ክፍል በአካል ክፍል ለይታ አደራጀችው። የቡና ሲኒ ለዚህ ልኩ ነው፣ እጀታ የለውማ። አንዱ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት፣ ሌላው በመሐልና በቀለበት ጣት ይያዝ፤ የታች ጠርዙ ተነክቶ ይጮህ። ራስ ላይ መጀመሪያ የፕላስቲክ ሳህን፣ ከሥሩ የተጠቀለለ ጨርቅ። እንስራ የተሸከመች ልጅ ቶሎ ትይዘዋለች፣ ወንዶቹ ይቸገራሉ።

ስለ ማስተማር ካነሣን ኡይጉሯን (ኡይጉሮች በምዕራብ ቻይና የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው) ካምበርሃኒምን አትርሷት። ካሽጋር ተወልዳ፣ ታሽኬንትና ሞስኮ ተምራ፣ ከዚያ አገሯ ተመልሳ ከመወዛወዙ በላይ ትምህርት ቤት በማቆም ትታወቃለች።

አንድ ነገር ስለ ከበሮ። ዳዮች ጣዎሱን የሚያጅቡት የዝሆን እግር በሚመስል ረጅም ከበሮ፣ በጎንግና በጸናጽል ነው። ድምፁን የሚያስተካክሉት የተቀቀለ ተጣባቂ ሩዝ ቆዳው መሐል ላይ በመለጠፍ ነው፤ ሩዙ ሲጨመር ድምፁ ይወፍራል። በእኛ ከበሮ ላይ ግን ይህን አትሞክሩት፤ እርጥበቱ ቆዳውን ያላላዋል። እኛ ፀሐይ ወይም እሳት እናሞቃለን። እሳት ከሆነ ከክንድ በላይ ይራቅ፣ ይዟዟር፤ በአንድ ጎን የሞቀ ቆዳ በጠፍሩ በኩል ይሰነጠቃል። አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሲሞላ እርጥበቱ ይጨምራልና ለመተኪያ ሁለተኛ ከበሮ አሙቃችሁ አቆዩ።


መርፌና ክር (ባሕር ዳር)፦

የቀሚሱ ሒሳብ ቀላል ነው። ወገብ 68 ሳንቲ ሜትር፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት 95 ሳንቲ ሜትር እንበል። ለአንድ ሙሉ ክብ ወገቡን ለ6.28 አካፍሉት፣ 10.8 ይመጣል፤ ያ የውስጡ ክብ ነው። 95 ሲጨመር 105.8 ሳንቲ ሜትር የውጩ ይሆናል፣ ጠርዙም 6 ሜትር ከ65 አካባቢ ይዞራል። ይህ ለመዞር ይበቃል። ቁጭ ብለው ዙሪያውን ለመዘርጋት ከሆነ ግን ሁለት ሙሉ ክብ ይጋጠም፤ የእያንዳንዱ የውስጥ ክብ 5.4፣ የውጩ 100.4፣ የሁለቱ ጠርዝ ተደምሮ 12 ሜትር ከ60። የስፌቱን ትርፍ ለብቻ አስቡ።

በሸማ አትስሩት። ስሱ ሸማ ሲዞር እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ወፍራሙ አይነሣም። ቀለል ያለ ፖሊስተር ይሻላል፤ ጥለቱን ከታች መግጠም ይቻላል፣ ግን ጥለት በቀጥታ የተሸመነ ስለሆነ በክብ ጠርዝ ላይ ይኮማተራል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ እጥፋት ያዙለት። የቀሚሱን ጠርዝ አጥፋችሁ ከመስፋታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ስቀሉት፤ በሰያፍ የወደቀው ጨርቅ ይረዝማል፣ ቀጥ ብሎ የወረደው አይረዝምም፣ ሳትሰቅሉ አጥፋችሁ የሰፋችሁት ጠርዝ በማግስቱ ሞገድ ይሠራል።

የከበሮ ቤትን ሐሳብ ከተከተላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለትከሻ ሥራ የላይኛው ጠባብ፣ እጅጌው ከትከሻ ስፌት ሁለት ጣት ገባ ያለ ይሁን፤ ሰፊ እጅጌ ትከሻውን ይውጠዋል።


ጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)፦

እግዜር ይስጥልኝ። ወንዶቹን በደረቁና በለስላሳው ትከሻ፣ ሴቶቹን ከመካከላቸው ሁለቱን ብቻ በክንዱ ልንሞክር ነው፤ የጣዎሱን ቅርጽ አንወስድም፣ የጣና ሽመላ ይበቃናል። ያንግ ሊፒንግ በትልቅ ጨረቃ ፊት ጥላዋ ብቻ የሚታይበት ሥራ አላት። ያን መክፈቻ ባለን አንድ መብራት መሥራት ይቻላል?


የዳሞት ልጅ (ፍኖተ ሰላም)፦

ይቻላል፣ አንድ መሆኑም ይሻላል፤ ሁለት መብራት ሁለት ጥላ ያወጣል። 3 በ3 ሜትር ነጭ አቡጀዲ ወጥሩ፣ መጨማደዱ እንዳይታይ በውኃ ረጭታችሁ ይድረቅ። መብራቱን ከጀርባው 5 ሜትር አርቁ፣ በተወዛዋዧ ደረት ልክ ከፍ አድርጉ። ልጅቷ ከጨርቁ ከግማሽ ሜትር በላይ አትራቅ፤ ወደ መብራቱ በቀረበች ቁጥር ጥላዋ ይገዝፋል፣ ጣቶቿም ይደበዝዛሉ። ለተመልካቹ ጎኗን ትስጥ፤ ፊት ለፊት ከቆመች እጇ በደረቷ ጥላ ይዋጣል። የመብራቱ ራስ የቀለም ክዳን ካለው አውጡት፤ የሚያሰራጭ መስተዋት ካለውም እንዲሁ፣ ጥላው ጠርዝ እንዲኖረው። ቀሪውን የአዳራሽ መብራት ሙሉ በሙሉ አጥፉ፤ የበር ብርሃን እንኳ አቡጀዲው ላይ ካረፈ ጥላው ግራጫ ይሆናል። መክፈቻው ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ።